ዕጣ ላይ ተከታታይ ቁጥሮች ሲወጡ ለምን አይገርምም?

ከ1 እስከ 49 ካሉ ቁጥሮች 6 በዕጣ ሲወጡ 23 እና 24 አብረው ከመጡ ብዙ ሰው «ተጭበርብሯል» ይላል። ኧረ የለም! ቢያንስ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች የመውጣታቸው ዕድል 49.5 በመቶ ገደማ ነው። ግማሽ በግማሽ ማለት ይቻላል።

ስሌቱ ደስ ይላል። ስድስቱን ቁጥሮች ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ። የመጀመሪያውን ተዉት፤ ከሁለተኛው 1፣ ከሦስተኛው 2፣ እንዲህ እያላችሁ ከስድስተኛው 5 ቀንሱ። ተከታታይ ከሌለ በጎረቤታሞቹ መካከል ቢያንስ የ2 ልዩነት አለ፤ ስለዚህ ከተቀነሰም በኋላ ስድስቱ የተለያዩ ሆነው ይቀራሉ፣ ትልቁም ከ44 አያልፍም። የቀነሳችሁትን መልሳችሁ ብትደምሩ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ታገኛላችሁ። በቃ፣ ተከታታይ የሌለባቸው ምርጫዎች ብዛት ከ44 ቁጥሮች 6 ከመምረጥ ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው፦ 7,059,052። ጠቅላላው 13,983,816 ነው። ሲካፈል 50.5 በመቶ ይመጣል፤ የቀረው ተከታታይ ያለበት ነው።

ይህን ግን አታምታቱ፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 የመውጣቱ ዕድል አስቀድማችሁ ከመረጣችሁት ከማንኛውም ሌላ ስድስት ቁጥር ጋር እኩል ነው። ብርቅ የሚመስለው ስድስቱም ተከታታይ የሆኑባቸው ምርጫዎች በጠቅላላው 44 ብቻ ስለሆኑ ነው።