ዎርዚንግተን፦ ስለ አንዲት የገበሬ ከተማ የሚወራውና እውነታው

በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት፣ ከሚኒያፖሊስ ተነስታችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሦስት ሰዓት ያህል ከነዳችሁ፣ አይዮዋ ድንበር ልትደርሱ ስትሉ ዎርዚንግተንን ታገኛላችሁ። ግራ ቀኙ በቆሎና አኩሪ አተር ነው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 13,947 ነዋሪ ነበራት። ሚኒሶታ የኖረ ሐበሻ በአሳማ ሥጋ ፋብሪካዋ ያውቃታል፤ እዚያ የሠራ ዘመድ ወይም ወዳጅ አይጠፋውም። የሚወራላት ግን ግማሹ ልክ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

«ባዶ ሜዳ ነበር፤ ገበሬዎች መጥተው አቀኑት»

ባዶ አልነበረም። አገሩ የዳኮታ ሕዝብ ነው። በ1851 ትራቨርስ ደ ሱ በተባለው ቦታ ውል ፈርመው ደቡባዊ ሚኒሶታን ለቀቁ። ቃል የተገባላቸው ገንዘብና ቀለብ ግን በወቅቱ አልደረሰም። በ1862 ረሃቡ ሲጠና ጦርነት ተነሳ። መጨረሻው ማንኬቶ ከተማ ላይ 38 ዳኮታዎች በአንድ ቀን መሰቀላቸው ሆነ።

ከተማዋን የቆረቆሯትም ገበሬዎች አይደሉም። የዘራት ባቡር ነው። በ1871 ከሴንት ፖል ወደ ሱ ሲቲ ሐዲድ ሲዘረጋ፣ በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር በየጥቂት ማይሉ ውሃ መቅዳት ነበረበት። ኦካቢና ሐይቅ ዳር አንድ ጣቢያ ተተከለ። ከዚያ ሁለት የኦሃዮ ሰዎች፣ ፕሮፌሰር ሃሚስተንና የቶሊዶው ጋዜጠኛ ሚለር፣ «ናሽናል ኮሎኒ» የሚባል ኩባንያ አቋቁመው ሰፋሪ መመልመል ጀመሩ። ነገሩ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ሪል እስቴት ከመሸጥ ብዙም አይለይም። ስሙን እንኳ ከሚለር አማት ወሰዱት፤ ዎርዚንግተን የሴትዮዋ የአባት ቤት ስም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች በሚያዝያ 1872 በባቡር ደረሱ።

«የድሮዎቹ አንድ ልብ ነበሩ፤ ንትርክ የመጣው ከስደተኛ ጋር ነው»

ይሄ በጣም ያስቀኛል። ኩባንያው ከተማዋን ያሰባት መጠጥ የማይቀምሱ ጨዋ ክርስቲያኖች መኖሪያ አድርጎ ነበር። ባቡር ግን ማንንም ያመጣል። መጠጥ የሚወዱትም መጡ። አንድ ጊዜ ሃሚስተን ከተማው ውስጥ የቢራ በርሜል መኖሩን ይሰማሉ። ሄደው በመጥረቢያ ፈለጡት። ቢራው ፈሰሰ፣ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ፣ በፕሮፌሰሩ ላይ ጩኸቱ ቀለጠ። ሁሉም እኮ ነጮች ናቸው፤ ሁሉም ከትናንት ወዲያ የመጡ ናቸው። «ይቺ ከተማ የማን ናት?» የሚለው ክርክር የተጀመረው እነሱ ዘንድ ነው።

«ለም መሬት በነፃ አገኙ፤ ወዲያው ከበሩ»

መሬት በነፃ በሚሰጠው የ1862ቱ የሆምስቴድ አዋጅ መሠረት 160 ኤከር (65 ሄክታር ገደማ) መውሰድ ይቻል ነበር፤ አምስት ዓመት ኖሮበት ላረሰው። ብዙው መሬት ግን የባቡር ኩባንያዎቹ ድርሻ ስለነበር በገንዘብ ነው የተሸጠው።

በ1873 ደግሞ አንበጣ ወረደ። አንበጣን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ልዩነቱ ይሄኛው እስከ 1877 አለመላቀቁ ነው። አምስት የምርት ዘመን! ገበሬው ትልቅ ቆርቆሮ ሬንጅ ቀብቶ በፈረስ እያስጎተተ፣ የተጣበቀውን አንበጣ ያቃጥል ነበር። አገረ ገዢው ጆን ፒልስበሪ እርዳታ ሰውን ያሰንፋል ባይ ስለነበሩ እጃቸው አልፈታ አለ። ሚያዝያ 26 ቀን 1877 ግን የጸሎት ቀን አወጁ። በዚያው ክረምት አንበጣው ተነስቶ ሄደ። እግዜርን ያመሰገነም፣ በአጋጣሚ ነው ያለም ነበር። የሚገርመው ግን ያ የአንበጣ ዘር ጭራሹኑ ከምድር ጠፍቷል፤ በሕይወት የታየው ለመጨረሻ ጊዜ በ1902 ነው።

«ሰዉ ሁሉ ገበሬ ነው፤ በቆሎውም ይበላል»

አብዛኛው ነዋሪ ፋብሪካ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው። መንገድ ዳር የምታዩትም በቆሎ ለእሸት አይሆንም። የከብትና የአሳማ መኖ ነው፤ ወይም ኤታኖል ሆኖ መኪና ውስጥ ይገባል።

«ሚኒሶታ ሐይቅ በሐይቅ ናት፤ ውሃ አይቸግርም»

ዎርዚንግተን ሐይቅ ዳር ተቀምጣ የሚጠጣ ውሃ ሲያሳስባት ኖራለች። የጉድጓዶቿ ውሃ ድርቅ ሲመጣ ይሸሻል። መፍትሔው ከሳውዝ ዳኮታ፣ ከሚዙሪ ወንዝ አጠገብ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በቧንቧ ማምጣት ሆነ። ኮንግረስ ፕሮጀክቱን የፈቀደው በ2000 ነው፤ ውሃው ዎርዚንግተን የደረሰው በ2018።

«ምንም መዝናኛ የለም»

ሰዎቹ ተርኪ (ዶሮ መሳዩን ትልቅ ወፍ) ያሽቀዳድማሉ። ቀልዴን አይደለም። ከ1939 ጀምሮ በየመስከረሙ የተርኪ በዓል አላቸው፤ ከ1973 ወዲህ ደግሞ ከቴክሳሷ ኩዌሮ ከተማ ጋር ይወዳደራሉ። አንዱ ዙር እዚህ፣ አንዱ እዚያ፤ ሰዓቱ ይደመራል። የዎርዚንግተን ተርኪ ስም ሁሌም «ፔይቼክ» ነው፤ ከደመወዝ ፈጥኖ የሚያልቅ የለም ለማለት። ተርኪዋ መሃል አስፋልት ላይ ቆማ ሕዝቡን ስታይ ባለሙያዎቹ ከኋላ እየተማጸኑ ይሯሯጣሉ።

«ስደተኞች መጥተው የአገሬውን ሥራ ወሰዱ»

ፋብሪካው በ1964 በአርመር ኩባንያ ተከፈተ። በኋላ የስዊፍት፣ ከ2007 ጀምሮ የጄቢኤስ ሆነ። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ሥጋ ፋብሪካዎች ደመወዝ ሲወርድ ቦታውን የሚፈልግ የአገሬው ተወላጅ ቀነሰ። የከተማዋም ሕዝብ ይመናመን ነበር፤ በ1980 ከነበረው 10,243 በ1990 ወደ 9,977 ወረደ። ያንን የሞሉት ከላኦስ፣ ከላቲን አሜሪካ፣ ከበርማ፣ ከሱዳን፣ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው። ከኛው ጋምቤላ የመጡ አኙዋኮችም አሉበት።

የኛ ሰው ደግሞ የራሱ የተሳሳተ ወሬ አለው፦ «እንግሊዝኛ አይጠይቅ፣ ልምድ አይጠይቅ፣ ገብተህ ማፈስ ነው።» ብርዱን ማን ያውራ? ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ቆረጣ፣ በአንድ ቢላ፣ ሥጋውን የሚያመጣው ተንቀሳቃሽ መስመር («ላይኑ») ሳይቆም። ጣትና ትከሻ የሚታመመው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም በአፉ የማያስገባውን ሥጋ ሲቆርጥ ውሎ ይገባል።

ታኅሣሥ 12 ቀን 2006 የኢሚግሬሽን ፖሊስ በስድስት የስዊፍት ፋብሪካዎች በአንድ ጠዋት ገብቶ 1,300 ገደማ ሰው ያዘ። አንዱ የዎርዚንግተኑ ነበር። ከተማዋ ግን አልተበተነችም።

«ትምህርት ቤት አንሠራም ያሉት በዘረኝነት ብቻ ነው»

ተማሪ በዝቶ ክፍሎቹ ሲጠቡ፣ ለግንባታ ብድር ለመውሰድ የቀረበው ሐሳብ በድምፅ አምስት ጊዜ ወደቀ። ስደተኛ ጠል ንግግር አልነበረም አልልም፤ ነበር። ግን ብድሩ የሚመለሰው በንብረት ግብር ነው፤ የሰፊ እርሻ ባለቤት የሚከፍለው በመሬቱ ልክ ስለሆነ፣ ዕዳው ከከተማው ሰው ይልቅ እሱ ላይ ይከብድ ነበር። የሚኒሶታ ግዛት መንግሥት ከዚያ ግብር ከፊሉን ለገበሬው መሸፈን ጀመረ። ኅዳር 2019 ላይ ለስድስተኛ ጊዜ ድምፅ ተሰጠ፤ አለፈ።