የተስተካከለ ዕድሜ ምንድን ነው?

«ስንት ወሩ ነው?»

«ስምንት።»

«ውይ! ታዲያ እስካሁን አይቀመጥም?»

ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ያላት እናት ይህን ጥያቄ ቡና ሊጠጣ ከመጣው ሁሉ ትሰማለች። ጠያቂዎቹ ክፋት የለባቸውም። የተሳሳተው ቁጥሩ ነው።

ሙሉ እርግዝና 40 ሳምንት ነው። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ያለ ጊዜው ተወለደ ይባላል። የእኛው ልጅ በ30 ሳምንቱ መጥቶ ከሆነ 10 ሳምንት ቀድሟል። እንግዲህ ከስምንት ወሩ ላይ 10 ሳምንት ቀንሱ። ስድስት ወር እንኳ አልሞላውም! የተስተካከለ ዕድሜ የሚሉት ይህንን ነው። አንገት ማቅናቱ፣ መገላበጡ፣ መዳሁ የሚለካው በዚህ ዕድሜ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ። ክትባት ግን በልደት ቀኑ ይቆጠራል፤ እሱን እንዳታዘገዩ።

ያመለጡት ሳምንቶች ምን ያደርጉለት ነበር? በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ማህፀን ይጠበዋል። ልጁ ተኮራምቶ በእግሩ ይገፋል፣ የማህፀኑ ግድግዳ ደግሞ መልሶ ይገፋዋል። ጡንቻው በዚህ ትግል ይጠነክራል። የሆስፒታሉ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ የሚገፋው ነገር የለም፤ እጅና እግሩን ዘርግቶ እንደ እንቁራሪት ይተኛል። ነርሶች ጨርቅ ጠቅልለው ዙሪያውን እንደ ወፍ ጎጆ የሚያደርጉለት ለዚህ ነው።

ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ነቅቶ ሳለ በሆዱ አስተኙት። ወለል ላይ ካለቀሰ ደረታችሁ ላይ ይሁን። ፊታችሁን ለማየት ሲል ትንሿን አንገቱን እየተንቀጠቀጠ ቀና ያደርጋል። ለመጀመሪያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል፤ በቀን ውስጥ ግን ደጋግሙት። እንቅልፍ ሲወስደው በጀርባው።

«ወፌ ቆመች» ለማለት የቸኮለ ዘመድ ዎከር (ባለ ጎማ የሕፃን መራመጃ) ገዝቶ ሊመጣ ይችላል። አመስግናችሁ አስቀምጡት። ዎከር ልጁን በእግር ጣቱ እያስገፋ ያንሸራትተዋል እንጂ ሚዛን መጠበቅ አያስተምረውም፤ ደረጃ ካለ ደግሞ አደጋ ነው። ካናዳ እንደ ፈረንጆቹ በ2004 ሽያጩን ከልክላለች።

ዕድሜው ተስተካክሎም የማይጠበቁ ነገሮች አሉ። በአራት ወሩ አንገቱ ካልጸና፣ ዳይፐር ስትቀይሩለት እግሮቹ እንደ መቀስ ተቆላልፈው ከደረቁ፣ ወይም ዓመት ሳይሞላው አንዷን እጁን ትቶ በሌላዋ ብቻ የሚይዝ ከሆነ «ያለ ጊዜው ስለተወለደ ነው» ብላችሁ አትጠብቁ። ሐኪም ይየው።