«ውሃ የጠጣ» አክሲዮን ምንድን ነው?

አክሲዮን ውሃ ይጠጣል እንዴ? አባባሉ ከከብት ገበያ የመጣ ነው ይባላል። አሜሪካዊው ዳንኤል ድሩ የባቡር ሐዲድ ከበርቴ ከመሆኑ በፊት ከብት ነጋዴ ነበር። ገበያ ሊደርስ ሲል ለሰንጋዎቹ ጨው አልሶ ውሃ ያጠጣቸው ነበር አሉ፤ በሚዛን የሚሸጥ ከብት ሆዱን በውሃ ከሞላ ዋጋው ይጨምራላ!

አክሲዮኑም እንደዚያው ነው። ኩባንያው ሀብት ሳይጨምር ወረቀት ብቻ ያበዛል። ሐዲዱ ያው፣ ባቡሩም ያው፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ግን ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ1868 ሌላው የባቡር ከበርቴ ኮርኒሊየስ ቫንደርቢልት የኢሪን ባቡር ኩባንያ ለመጠቅለል አክሲዮን ሲሰበስብ፣ የኩባንያው ዳይሬክተሮች ድሩ፣ ጄይ ጉልድና ጂም ፊስክ አዲስ አክሲዮን እያተሙ ይሸጡለት ነበር። የእስር ትእዛዝ ሲመጣባቸው ከኒውዮርክ ሃድሰን ወንዝን ተሻግረው በሌላ ግዛት፣ በኒው ጀርሲ፣ ወዳለችው ጀርሲ ሲቲ ገቡ። የኒውዮርክ ዳኛ እጅ እዚያ አይደርስም።