የምግብ ማዕድናትና የድባቴ ሕክምና በሰሜን ሸዋ

ማዕድናት ድባቴን ለማከም ያላቸው ድርሻ የአጋዥነት ነው። ዋናው ሕክምና የሥነ ልቦና ምክክርና እንደ ፍሎክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። በሰሜን ሸዋ ዋናው ጥያቄ ማዕድናቱ በገበታ ላይ መኖራቸው ሳይሆን ወደ ደም መግባታቸው ነው።

የደብረ ብርሃንና የመንዝ ደጋ የገብስና የባቄላ አገር ነው። ሁለቱም ብረት፣ ዚንክና ማግኒዚየም አላቸው፤ ሆኖም ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር በተለይ ብረቱንና ዚንኩን አንጀት ውስጥ ጠፍሮ ያስቀራቸዋል። ባላገሩ ላቦራቶሪ ሳያይ ከመፍትሔው ደርሷል። ባቄላው ተዘፍዝፎ ሲጎነቁል በቆልት ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ የሚነቃው ኢንዛይም ፋይቴቱን ይሰባብረዋል። ሊጥ በእርሾ ሲቦካም እንዲሁ ነው። በሶ ግን ገብሱ ተቆልቶ ስለሚፈጭ ኢንዛይሙ በእሳት ይከሽፋል። ለመንገደኛ ከበሶ የሚሻል ስንቅ ባይኖርም፣ ለዚንክ ሲባል ግን የቦካ የገብስ እንጀራ ይመረጣል። ሥጋና እንቁላል በሌለበት በ55ቱ ቀን ሑዳዴ ይህ ልዩነት ይጎላል። ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረትን መመጠጥ ይቀንሳል፤ ቃሪያ ደግሞ በቫይታሚን ሲ ያግዘዋል።

ማዕድናቱ ድባቴን ስለማገዛቸው ያለው ማስረጃ ለሁሉም እኩል አይደለም። በድባቴ የተያዙ ሰዎች የደም ዚንክ በአማካይ ዝቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን ያዘነ ሰው ምግብ ስለሚጠላ መንስኤና ውጤቱን መለየት ይከብዳል። ማግኒዚየምን በተመለከተ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ ቀላልና መካከለኛ ድባቴ ያለባቸው 126 ሰዎች በቀን 248 ሚሊ ግራም ለ6 ሳምንት ሲወስዱ መሻሻላቸውን አሳይቷል። የሚወስዱትን ያውቁ ስለነበር ግን ተስፋ ብቻውን የሠራው ስንት እንደሆነ አይለይም።

ብረትና አዮዲን ከሕክምናው ይልቅ ለምርመራው ይጠቅማሉ። የደም ማነስ ድካምና የእንቅርት ዕጢ መዳከም ድባቴን ስለሚመስሉ፣ ሐኪሙ አስቀድሞ እነሱን ይመረምራል። በኢትዮጵያ ጨውን በአዮዲን ማበልጸግ በ2003 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ግዴታ ሆኗል፤ አዮዲኑ እንዳይባክን ጨው በተከደነ ዕቃ ይቀመጣል፤ ወጡ ላይም መጨረሻ ይጨመራል።

በሸንኮራ ዮሐንስና በጻድቃኔ ማርያም ፀበል የሚሰነብቱ ታማሚዎች በጾም ምግባቸው ስለሚሳሳ፣ መድኃኒታቸውን ይዘው መሄዳቸውና በቆልት ማዘውተራቸው ይመከራል። የማዕድን እንክብል በራስ መግዛት ሌላ ጣጣ አለው፤ ለአዋቂ የዚንክ የዕለት ጣሪያ 40 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የመዳብ እጥረት ያመጣል።