ላፋዬት፦ የካጁኖችና የክሪዮሎች ከተማ ምን ታሳያለች?

ላፋዬት በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት ደቡባዊ ክፍል፣ በቨርሚሊየን ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ከኒው ኦርሊንስ በስተምዕራብ በመኪና ከሁለት ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ መንገድ ትርቃለች። በ2020 ቆጠራ ከ121,000 በላይ ነዋሪዎች ነበሯት (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አኬዲያና የሚባለው፣ 22 ፓሪሾችን (የሉዊዚያና አውራጃዎችን) የሚያቅፈው አካባቢ ዋና ከተማ ተደርጋ ትቆጠራለች። ወደ ሉዊዚያና የሚሄድ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ኒው ኦርሊንስን አይቶ ይመለሳል፤ የካጁንን ባህል ከቤቱ ማየት የፈለገ ግን መምጣት ያለበት ወደ ላፋዬት ነው።

ቦታው ቀድሞ የአታካፓ ሕዝብ ምድር ነበር። የካጁኖች ታሪክ የሚጀምረው በዛሬዋ ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ነው። እዚያ ይኖሩ የነበሩት አካዲያውያን የተባሉ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ለእንግሊዝ ንጉሥ ያለቅድመ ሁኔታ ታማኝነታቸውን በመሐላ እንዲያረጋግጡ ተጠይቀው እምቢ አሉ። ከ1755 ጀምሮ እንግሊዞች መንደሮቻቸውን እያቃጠሉ በመርከብ እየጫኑ በተኗቸው፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተለያየ። ቦሶሌይ በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው ጆሴፍ ብሩሳር 200 ያህል ሰዎችን መርቶ በ1765 ሉዊዚያና ደረሰ፤ በዚያው ዓመትም አረፈ። የዛሬዎቹ ካጁኖች የእነዚህ ስደተኞችና ከእነሱ ጋር የተጋቡ የሌሎች ሕዝቦች ልጆች ናቸው። ክሪዮል ማን ነው የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በላፋዬት አካባቢ በአብዛኛው የአፍሪካ ዝርያ ያላቸውን፣ ከፈረንሳይኛ ባህል የበቀሉ ቤተሰቦች ያመለክታል፤ ነጮችም ስሙ የእኛም ነው ይላሉ።

ይህን ታሪክ በአንድ ቀን ለማየት ከቨርሚሊየንቪል የሚሻል ቦታ የለም። ወንዙ ዳር በ1990 የተከፈተ የታሪክ መንደር ሲሆን፣ ከየአካባቢው ተነቅለው የመጡ እውነተኛ ቤቶች በአምሳያ ከተሠሩት ጋር አብረው ቆመዋል። ከነባሮቹ አንዱ በ1790 ገደማ የተሠራው የአማን ብሩሳር ቤት ነው፤ አማን የቦሶሌይ ልጅ ነበር። ግድግዳውን ጠጋ ብሎ ላየው ኢትዮጵያዊ ሥራው እንግዳ አይሆንበትም፦ በእንጨቱ መካከል የተሞላው ምርጊት ነው። ጭቃው የሚቦካው ግን በጭድ ሳይሆን ስፓኒሽ ሞስ በሚባለው፣ ከኦክ ዛፍ ላይ በሚንዠረገግ ግራጫ ዕፅ ነው። በአካዲያውያን ቤቶች ወደ ቆጡ የሚያስወጣው ደረጃ ብዙ ጊዜ ከውጭ በረንዳው ላይ ነው፤ ቆጡ የወንዶች ልጆች መኝታ ነበር። በግቢው ውስጥ የባህል ልብስ የለበሱ ባለሙያዎች በተፈጥሮው ቡናማ የሆነውን የአካባቢውን ጥጥ ሲፈትሉ ይታያሉ።

በዚሁ መንደር ባለው ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ «በትምህርት ቤት ግቢ ፈረንሳይኛ አልናገርም» የሚል ቃል ተደጋግሞ ተጽፏል። የ1921 የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥት ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ከደነገገ በኋላ፣ በቤታቸው ሌላ ቋንቋ ሰምተው የማያውቁ ልጆች ፈረንሳይኛ ሲናገሩ በተገኙ ቁጥር ይቀጡ ነበር። ግዛቲቱ በ1968 ኮዶፊል የተባለውን የፈረንሳይኛ ምክር ቤት ስታቋቁም አንድ ትውልድ ቋንቋውን ለልጆቹ ሳያወርስ አልፏል። ከመንደሩ አጠገብ ያለው የብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት የአካዲያን የባህል ማዕከል ስደቱን በደንብ ያስረዳል።

መሃል ከተማ የቅዱስ ዮሐንስ ወንጌላዊ ካቴድራል አለ። ዣን ሙቶን የተባለ አካዲያዊ በሰጠው መሬት ላይ በ1821 ቤተ ክርስቲያን ሲተከል በዙሪያው ከተማዋ ቨርሚሊየንቪል በሚል ስም ተቆረቆረች፤ ላፋዬት የተባለችው በ1884 ነው። የአሁኑ ሕንፃ የተጠናቀቀው በ1916 ሲሆን፣ ከጎኑ ያለው ግዙፍ ኦክ ዕድሜው 500 ዓመት ይጠጋል ይባላል። ዛፉ የኦክ ዛፎች ማኅበር አባል ነው፤ ቀልድ አይደለም። ማኅበሩን በ1934 የመሠረቱት የዛሬው የሉዊዚያና ላፋዬት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ኤድዊን ስቲቨንስ ናቸው። አባላቱ ዛፎች ሲሆኑ፣ መዋጯቸውም በዓመት 25 የኦክ ፍሬ እንዲሆን ሐሳብ አቅርበው ነበር። ዩኒቨርሲቲውም በግቢው መካከል አዞዎች የሚኖሩበት ረግረግ አለው።

የሙቶን ቤተሰብ የእሁድ ማረፊያ የነበረው ቤት ዛሬ የላፋዬት ሙዚየም ነው። የዣን ልጅ አሌክሳንደር የሉዊዚያና ገዢ ነበር፤ በእርሻውም ከ100 በላይ ባሮች ነበሩት። በ1861 ግዛቲቱን ከአሜሪካ የገነጠለውን ጉባኤም መርቷል። ለልጁ፣ ለኮንፌዴሬቱ (ለተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች) ጄኔራል ለአልፍሬድ ሙቶን በ1922 የቆመው ሐውልት ከረጅም ሙግት በኋላ በ2021 ተነሥቷል።

በጥቅሉ ቤቶቹና ሙዚየሞቹ የሚተርኩት የካጁኖችን ታሪክ ነው፤ የክሪዮሎቹን የሚሰማው በጭፈራ ቤት ነው። ዛይዴኮ የተባለው የክሪዮሎች የጭፈራ ሙዚቃ ንጉሥ የሚባለው ክሊፍተን ሼኒየር በ1925 በአቅራቢያዋ ኦፐሉሳስ ተወልዶ በ1987 ላፋዬት ውስጥ አረፈ፤ በአኮርዲዮኑ የፈረንሳይኛ ዘፈንን ከብሉዝ ያዋሐደ ሰው ነው። ደረት ላይ እንደ ሰደርያ የሚለበሰውን የሙዚቃ መሣሪያ፣ ፍሮትዋርን፣ በ1946 ለአንድ ብረት ሠራተኛ ንድፉን ስሎ አሠራው። ቆርቆሮው የተሸበሸበ ሲሆን ተጫዋቹ በጠርሙስ መክፈቻ ወይም በማንኪያ ይፈገፍገዋል። ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በወገብ ነው የሚገባው።

ከተማዋ ከሁሉም የምትኮራው በሁለት በዓላት ነው። በመጋቢት 1974 በብላክሃም ኮሊዚየም የካጁን ሙዚቃ ኮንሰርት ተዘጋጅቶ አዳራሹ ሞልቶ ተረፈ፤ ዛሬ በጊራርድ ፓርክ የሚከበረው የአካዲያውያንና የክሪዮሎች በዓል ከዚያ የመጣ ነው። ከ1987 ጀምሮ ደግሞ በሚያዝያ መጨረሻ አካባቢ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪው ዓለም፣ ከአፍሪካም ጭምር፣ ሙዚቀኞች የሚጠሩበት ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል አለ። መግቢያው ነፃ ነው።

በምግብ በኩል ገምቦ የሚባለው ወፍራም ሾርባ ቀዳሚ ነው። ዱቄት በዘይት እየተማሰለ ቡናማ እስኪሆን ይጠበሳል፤ አንዴ ካረረ ተደፍቶ እንደገና ይጀመራል። ከዚያ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሴለሪ፣ ቀጥሎ ዶሮና ቋሊማ ወይም የባሕር ምግብ ይገባል። አንዳንዱ ባሚያ ይጨምራል። የባሚያ መነሻ አገር ኢትዮጵያ ናት የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ምዕራብ አፍሪካን ወይም እስያን የሚጠቅሱም አልጠፉም። ለቁርስ የአካባቢው ሰው የሚገዛው ቡዳን ነው፤ ሩዝና የአሳማ ሥጋ የተሞላ ቋሊማ ስለሆነ የማይበላ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከከተማዋ ወጣ ሲሉ፣ በብሮ ብሪጅ አጠገብ ያለው ሌክ ማርቲን በጀልባ ይጎበኛል፤ በፀደይ ሳቢሳዎችና ሌሎች የውኃ ወፎች ይፈለፈሉበታል። በጨው ኮረብታ ላይ ያለችው ኤቨሪ አይላንድ ደግሞ ከ1868 ጀምሮ ታባስኮ የተባለው የሚያቃጥል የበርበሬ ስጎ መገኛ ናት። ክሮፊሽ የሚባለውን ትንሽ የረግረግ ሸርጣን መሰል ፍጥረት በቅመም ተቀቅሎ መብላት የፈለገ ከክረምታቸው መጨረሻ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይምጣ፤ ከሰኔ በኋላ ክሮፊሹም ይጠፋል፣ ወበቁም አያስወጣም።