ራስን መከላከል የሚያበቃው የት ላይ ነው?

አዳማ መናኸሪያ አካባቢ ጠብ ሲነሳ «እሱ ነው የጀመረው» ይባላል። ሕጉ ግን በዚያ ብቻ አይረካም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 መሠረት ጥቃቱ ሕገወጥ፣ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ማምለጥ የማይቻል፣ አጸፋውም ከአደጋው ጋር የሚመጣጠን። ዱላውን ጥሎ የሚሮጠውን ሰው አሳድዶ ጀርባውን መውጋት በቀል ነው። ልብ በሉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ቅጽበት ላይ ነው።

ከልክ ባለፈ መከላከል፣ ወይም በከባድ ትንኮሳ ድንገት ግንፍል ብሎ መግደል በአንቀጽ 541 ከ5 ዓመት ያልበለጠ ቀላል እስራት ያስቀጣል። ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ቤቱ ሄዶ ቢላዋ ይዞ የተመለሰ ሰው «ደሜ ፈልቶ ነው» ቢል የሚያሳምን አይመስለኝም።