ፕሮቶታይፕ፦ ከምርት በፊት የሚሠራው የሙከራ ናሙና

ፕሮቶታይፕ አንድ ዕቃ በብዛት ከመመረቱ በፊት ለሙከራ የሚሠራ ናሙና ነው። ከካርቶን ተቆርጦ በፕላስተር የተጣበቀ ቢሆንም ፕሮቶታይፕ ነው። ማማሩ ሳይሆን የሚመልሰው ጥያቄ ነው ቁም ነገሩ።

እኔ በጣም የምወደው የአሜሪካዊውን መሐንዲስ የጄፍ ሃውኪንስን ናሙና ነው። ፓልም ፓይለት የተባለችው የኪስ ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ ከመዋሏ በፊት ሰውየው በልኳ የተቆረጠ እንጨት ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። ቀጠሮ ሲኖረው እንጨቱን አውጥቶ የሚጽፍበት ያስመስላል። ኪስ ውስጥ ትገባለች ወይ? በቀን ስንቴ ትፈለጋለች? ይህን ለማወቅ አንድም ሽቦ አላስፈለገውም።

ለምን ቀድሞ? ስህተት እየቆየ ስለሚወደድ ነዋ። የፕላስቲክ ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወጡት ከብረት ከተሠራ ሞልድ (የቀለጠ ፕላስቲክ ገብቶበት ቅርጽ የሚይዝበት ማውጫ) ነው፣ እሱን ማሠራት ደግሞ ብዙ ገንዘብና ሳምንታት ይፈጃል። ካርቶን ላይ ቁልፉ ለአውራ ጣት ካልተመቸ በመቀስ ታስተካክለዋለህ፤ ብረቱ ከተቆረጠ በኋላ ካወቅክ ግን ሞልዱ እንደገና ይሠራል፣ ምርቱም ቆሞ ይጠብቃል።

አውሮፕላንን የፈለሰፉት የራይት ወንድማማቾችም እ.ኤ.አ. በ1901 የሠሩት ሞተር የሌለው ተንሸራታች አውሮፕላን የጠበቁትን ያህል አልነሳ ሲላቸው ወዲያው ትልቅ አውሮፕላን ወደ መሥራት አልሄዱም። የንፋስ መሞከሪያ ሣጥን ሠርተው እስከ 200 የሚደርሱ ትንንሽ ክንፎችን ፈተሹ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1903 በሞተር በረሩ። እንግሊዛዊው ፈልሳፊ ጄምስ ዳይሰን ደግሞ ከረጢት የሌለውን የአቧራ መሳቢያ እስኪያገኝ 5,127 ናሙና ሠርቷል፤ በየሙከራው አንድ ነገር ብቻ እየቀየረ። ይህ ትዕግሥት ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር አብረህ ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ በምን ታውቃለህ?

ሙከራው ላይ ከባዱ ነገር ዝም ማለት ነው። ናሙናውን አይቶት ለማያውቅ ሰው ስጠውና እጁን ተመልከት። ማስረዳት ከጀመርክ ሙከራው አበቃ፣ ምክንያቱም ገዢው ቤት አንተ የለህም። ናሙናው ከመጠን በላይ ካማረም ሰው ያለቀ ስለሚመስለው ጉድለቱን ለመናገር ይሉኝታ ይይዘዋል።

በእጅ የተሠራ ናሙና ሁሉንም አይነግርህም። ለዚህ ነው ዋናው ምርት ከመጀመሩ በፊት በእውነተኛው ማሽን ጥቂት ዕቃ ብቻ የሚመረተው። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ናሙናው ላይ ልክክ ብሎ የተዘጋው ክዳን እዚህ ላይ አልዘጋም ሊል ይችላል።